«ቀረ» የሚለውን ግስ ያስተማርኩባቸው ዓመታት

ዕድሜ ልካችሁን ስትናገሩት የኖራችሁትን ቃል አንድ ሰው «ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠይቋችሁ ምላሳችሁ ተሳስሮ ያውቃል? «ውሃ» ወይም «በሬ» ማለቴ አይደለም፤ እነሱን በጣት ማሳየት ይቻላል። ግስ ማለቴ ነው። ለምሳሌ «ቀረ»። እስቲ ለአፍታ ንባቡን አቁሙና ለራሳችሁ ተርጉሙት። «ተረፈ» ነው? «አልመጣም» ነው? «ተሰረዘ» ነው? ሦስቱንም ነው፤ ግን ከሦስቱ አንዱ ብቻውን አይበቃውም።

ባለፈው ክረምት ከመማሪያ ክፍል ወጥቼ ወደ ጠረጴዛ ሥራ ተዛወርኩ። አሁን አሶሳ ውስጥ፣ አማርኛ የእናት ቋንቋቸው ላልሆነ ልጆች መማሪያ መጽሐፍ ከሚያዘጋጁት ሰዎች አንዷ ነኝ። ገና ወጣት ነኝ፤ ጡረታ የሚባለው ሩቅ ነው። ሆኖም ጠመኔ ያልነካ እጅ ይዤ ወደ ቤት መግባት ከጀመርኩ ወዲህ፣ አንድ የሥራ ዘመን እንዳለቀብኝ ይሰማኛል። ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ሥራውን ሲያስረዳኝ፣ «ለአንድ ግስ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ትርጉም፣ ምሳሌ፣ እርባታ፣ መልመጃ» አለኝ። እስከ «ቀረ» ድረስ በቃኝ። «ቀረ» ላይ ስደርስ ግን ገጹ ሞላ፤ ሁለተኛው ሞላ፤ ሦስተኛውን ስጀምር ባልደረባዬ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ወይንሸት፣ ግስ ነው የምታዘጋጂው ወይስ የሕይወት ታሪክሽን?» አለ።

ልክ ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ የሚፈልገውን አንድ ገጽ ለመጽሐፉ ሰጥቼ፣ የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

የመጀመሪያ ምድቤ ማንቡክ ነበር። የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ ዕጣ ወጣብኝና ሄድኩ። ከደርግ በኋላ የተቋቋመው ክልል ገና አዲስ ነበር። የመሥሪያ ቤቶቹ ታፔላ ቀለም እጅ ላይ ይለቅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቢሮ የሚባለው የተከራዩት ቤት ነው፤ አንዱ ሠራተኛ ተነሥቶ ሲወጣ ሌላው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ደመወዛችን መንገዱ ሲደርቅ ይመጣል። ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አብዛኞቹ ተማሪዎቼ የጉሙዝ ልጆች ነበሩ። በየጠዋቱ ክፍል ገብቼ፣ «ዛሬ ማን ቀረ?» እላለሁ። አንድ ቀን ከኋላ የሚቀመጥ ረጅም ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህርት፣ ቀረ ምንድነው?»

«ወደ ትምህርት ቤት አልመጣም ማለት ነው» አልኩ ኮራ ብዬ።

ልጁ አሰበ። «ትናንት ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ‹ትንሽ ስኳር ቀረ› አለ። ስኳሩም ትምህርት ቤት አልመጣም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁና ስም ጥሪዬን ቀጠልኩ። ስኳሩ አለ፤ ተማሪው የለም። አንዱ ስላለ «ቀረ» ይባላል፤ ሌላው ስለሌለ «ቀረ» ይባላል። ኮሌጅ ውስጥ ይህንን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለርዕሰ መምህሩ ብነግራቸው፣ «ተይው ልጄ፤ ሲያድጉ ይገባቸዋል» አሉኝ። ደግ ሰው ነበሩ። ግን እኔ አድጌም አልገባኝም።

ከማንቡክ ወደ ግልገል በለስ ተዛወርኩ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ሰንጠረዥ የሚወድ ሰው ነበር። ግድግዳው ላይ ሰንጠረዥ ያልተሰቀለበት ክፍል ክፍል አይመስለውም። እኔም ሥርዓት ስለምወድ ተግባባን። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ፣ በሁለት ቀለም፣ የ«ቀረ»ን ሙሉ እርባታ ሠራሁ። ይህን ሥራዬን ዛሬም አልንቀውም፤ ስለዚህ ጥቂት ላስረዳ።

«ቀረ» ሲታይ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። አብዛኞቹ ግሶቻችን ግን መሠረታቸው ሦስት ፊደል ነው፤ ሰበረ፣ ፈለገ፣ ነገረ። «ሰማ» እና «በላ» ደግሞ በግእዝ ሦስተኛ ፊደል እንደነበራቸው ይታወቃል፤ ሰምዐ፣ በልዐ ይባሉ ነበር። አማርኛ ያቺን የጉሮሮ ድምፅ ጣላትና ሁለት ፊደል አስቀረ። «ቀረ» እና «ሰጠ»ም ከጫፋቸው አንዲት ደካማ ፊደል የወደቀችባቸው ናቸው። የኮሌጅ መምህራችን «ወ ወይም የ ሳትሆን አትቀርም» ይሉን ነበር፤ እኔም ከዚህ በላይ እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። ፊደሏ ብትወድቅም ቦታዋ ባዶ አልሆነም። «ሰብሮ» እንደምንለው «ቀሮ» አንልም፤ «ቀርቶ» ነው የምንለው። «መስበር» እንደምንለው «መቅር» አንልም፤ «መቅረት» ነው። የወደቀችውን ፊደል ወንበር «ት» ተቀምጣ ትጠብቅላታለች። ሰምቶ፣ በልቶ፣ ሰጥቶ፣ ቀርቶ፤ ሁሉም ውስጥ ያቺው ወንበር ጠባቂ አለች።

መምህራችን ያሉትን ደግሞ ልብ በሉልኝ። «ሳትሆን አትቀርም።» ይሆናል ብለን ስንገምት እንኳ የምንጠራው ይህንኑ ግስ ነው።

ሰንጠረዤን ጠቅልዬ፣ በክር አስሬ አሶሳ ገባሁ። ግልገል በለስና አሶሳ አንድ ክልል ናቸው፤ እኔ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሄድኩት፣ ቀጥታ መንገድ ስላልነበረ፣ አዲስ አበባን ዞሬ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ወረቀቱን አይቶ «ካርታ ነው?» ሲለኝ፣ «የግስ ካርታ» አልኩት። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ አላናገረኝም።

አሶሳ የተመደብኩት የአጭር ጊዜ የመምህራን ሥልጠና ላይ ነው። አዲሱ ክልል በየመንደሩ ትምህርት ቤት ሊከፍት ይፈልጋል፤ የመንደሩን ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ግን የለም። ስለዚህ ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ የበርታ፣ የጉሙዝና የሺናሻ ወጣቶች ተሰበሰቡ፤ እኛ አማርኛ የማስተማር ዘዴ እናሠለጥናቸዋለን፤ መጨረሻ ላይ በፈታኞች ፊት አስተምረው ያለፉት ወደ መንደራቸው መምህር ሆነው ይመለሳሉ።

አብሮኝ የተመደበው ጋሽ ይማም ነበር። በደርግ ጊዜ ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች ጋር፣ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆኖ የመጣ ሰው ነው። ቀጭን፣ ጸጥ ያለ፣ ለነገር የማይቸኩል። ክፍል ሲገባ መጀመሪያ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ራሱ ያጥባል፤ እስኪደርቅ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጠመኔው ኪሱ ውስጥ ነው። «ጋሽ ይማም፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ» ብለው፣ «ይሂድ፤ እርጥብ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ አይታይም» ይለኛል።

ሰንጠረዤን ባሳየሁት ቀን ዞር ዞር ብሎ አየው። በጣቱ «ቀርቶ» የሚለውን ነካ።

«አንች ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ከየት አመጣሽው?»

«ከመጽሐፍ፣ ከማስታወሻዬ።»

«ገበያ ሄደሽ ሰምተሽዋል?»

«ጋሼ፣ እኔ አማርኛ አፌን የፈታሁበት ነው!»

«አፍሽን ነው የፈታሽበት። ጆሮሽንስ?» አለና ሳቀ። «ቅዳሜ ነይ።»

ይህ የእሱ ልማድ ነበር። አንድ ግስ ሊያስተምር ሲል፣ ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ገበያ ይወጣል። አይገዛም፣ አይጽፍም። ዝም ብሎ ይዞራል፤ ያንን ግስ የሚሰማው ሳያውቁት ከሚናገሩ ሰዎች አፍ ብቻ ነው። «ግስ ለቀማ» ይለዋል። ጠይቀህ የሰማኸው አይቆጠርም፤ ሰው ሲጠየቅ ለጠያቂው የሚስማማውን ነው የሚናገረው ባይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ተከተልኩት። ማንጎ ዘርግታ የተቀመጠች የበርታ ሴት፣ «ይሄ ብቻ ቀረ፤ ውሰድ፣ ውሰድ» ትላለች። ገዢዋ የሰፈራ መንደር ሴት ናት፤ «ይቅርብኝ እቴ፣ ትናንት በልቼ ሆዴን ሲቆርጠኝ አደረ» ብላ ታልፋለች። የጭነት መኪና ላይ የተንጠለጠለ ረዳት «ባምባሲ! ባምባሲ! ሰው ቀረ?» ይጮኻል። ሁለት ጓደኛሞች ተቃቅፈው፣ «ሰርጉ ላይ ቀረህብን አይደል!» «ተወኝ እባክህ፤ አሞኝ ነው።» ወፍጮ ቤቱ ጥግ አንድ ሽማግሌ ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾች መሐል ገብተው፣ «በሉ ይቅር ለእግዜር ተባባሉ፤ ኸላስ፣ በቃ!» ይላሉ።

ሻይ ቤት ገብተን ስንቀመጥ ራሴ ይዞር ነበር።

«እሽ፣ ምን ሰማሽ?» አለኝ።

«ብዙ ትርጉም። ሰንጠረዤ ላይ ሌላ ዓምድ መጨመር አለብኝ።»

«ብዙ ነው ወይስ አንድ?»

ጋሽ ይማም ብርጭቆዬን ከብርጭቆው ጎን አቆመው፤ ከዚያ የሱን ብቻ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋው።

«ምን ሆነ?»

«የርስዎ ሄደ። የኔ ቀረ።»

«የኔ ባይሄድ ኖሮ ያንችን ቀረ ትይው ነበር?»

«አልልም።»

«በቃ። ይኼ ግስ ብቻውን አይቆምም። የሄደና ያልሄደ ይፈልጋል። ማንጎዎቹ ሄዱ፣ አንዱ አልሄደም። መኪናው ሊሄድ ነው፣ ሰውየው አልተሳፈረም። የሰርጉ ቀን መጣ፣ ጓደኛው አብሮት አልመጣም። ወንድማማቾቹ ከዛሬ ወደ ነገ ሊያልፉ ነው፤ ጥሉ አይከተላቸው፣ እዚያው ይቅር። ይቅርታ ማለት ይኸው ነው።»

ማንቡክ ላይ ያ ልጅ የጠየቀኝ ጥያቄ መልስ ያገኘው ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ሌላው ስኳር ሄደ፣ ትንሹ አልሄደም። ሌሎቹ ልጆች መጡ፣ አንዱ አልመጣም። አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ሌላው አለመንቀሳቀሱ ነው። «ቀረብኝ» እና «ቀረልኝ» የሚሉት ደግሞ የቆመው ሰው በመቆሙ ማዘኑን ወይም መገላገሉን ይነግሩናል፤ አንዲት «ብ» እና አንዲት «ል» ሰውየው ፊቱን እንዴት እንዳደረገ ያሳያሉ።

ድፍረት አገኘሁና ጠየቅሁት፤ በዚያ ሰሞን ብዙ ሰፋሪዎች ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር። «ጋሼ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ወሎ ሲመለስ እርስዎ ለምን ቀሩ?»

ሻዩን ጨለጠ። «እኔ ቀረሁ እንዴ? እኔማ ሄጃለሁ። የቀረችው ወሎ ናት» አለኝ።

ከሠልጣኞቻችን መካከል ሐዋ የምትባል የበርታ ልጅ ነበረች። ከአሶሳ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው የመጣችው፤ ከመንደሩ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች እሷ ብቻ ናት። የመንደሩ ሰዎች ከቀርከሃ ትምህርት ቤት ሠርተው ነበር። ግድግዳው ቆሟል፤ ክዳኑ ነው የቀረው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ አቋሙን በግልጽ ነግሯቸዋል፦ ሐዋ ካለፈች ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ ይከፈታል፤ ካላለፈች የሚላክ ሌላ መምህር የለም። አጎቷ በየሳምንቱ ገበያ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃትና በበርታኛ አንድ ነገር ይላታል። ምን እንደሚላት ስጠይቃት፣ «‹ሣሩን አጭደናል፤ አንቺስ?› ይለኛል» አለችኝ።

ለፈተናው ሠልጣኞቹ ርዕስ በዕጣ አወጡ። ለሐዋ «ቀረ» ደረሳት። ደስ አለኝ፤ የኔ ግስ ነዋ። በዚያው ሳምንት ጋሽ ይማም ለለቅሶ ወደ ሰፈራ መንደር ሄደ፤ ዝግጅቱ በእኔና በሐዋ እጅ ወደቀ። የሻይ ቤቱን ትምህርት አልረሳሁትም ነበር። ግን ፈታኞች ይመጣሉ፣ ሰዓት የተወሰነ ነው፣ ሐዋ ደግሞ ትፈራለች። የሚፈራ ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል ብዬ ሰንጠረዡን ሰጠኋት። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፤ ከመስመሩ እንዳትወጪ አልኳት። ጥናቷ ያስደንቅ ነበር።

የፈተናው ቀን ከከተማው ልጆች አንድ ክፍል ተዘጋጀላት። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢው አቶ ደምሴ ይባላሉ፤ ክራባታቸውን በሙቀትም የማያላሉ ሰው። ሐዋ በቀርከሃ ዘንግ እያመለከተች አስነበበች። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ተከተሏት። ቀረሁ፣ ቀረህ፣ ቀረሽ፣ ቀረ፣ ቀረች። አንድም ስሕተት የለም። እኔ ከኋላ ተቀምጬ በልቤ እቆጥራለሁ፤ ይቀራል፣ ይቅር፣ ቀርቶ፣ መቅረት። አለቀ። ሐዋ ዘንጉን አወረደች።

አቶ ደምሴ ተነሡ። ከፊተኛው ረድፍ አንዱን ልጅ ጠቆሙ። ከልጁ ጎን የዴስኩ ግማሽ ባዶ ነው፤ ጓደኛው በዚያ ቀን አልመጣም ነበር።

«አንተ፣ ዛሬ ከክፍልህ ማን ቀረ?»

ልጁ ቀጥ ብሎ ቆመ። እጁን ወደ ኋላ አጣመረና፣ «ቀረሁ፣ ቀረህ፣ ቀረሽ፣ ቀረ፣ ቀረች፣ ቀረን…» እያለ እስከ መጨረሻው አነበነበው።

አቶ ደምሴ ሌላ ልጅ ጠየቁ፤ እሷም እንደዚያው። ሦስተኛውን አልጠየቁም። ሐዋ እኔን አየችኝ። ባዶውን ቦታ በዘንጉ ብትነካው ይበቃ ነበር፤ ግን ከመስመሩ እንዳትወጪ ብያት ነበር፣ አልወጣችም።

«ቃሉን በሚገባ አስጠንተሻል። አንድም ልጅ ግን ቃሉን አልተናገረውም» አሉ አቶ ደምሴ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው የከበደን። አላለፈችም።

ደጅ ላይ ተቀመጥን። ሐዋ ሲከፋት አማርኛዋ ይሰባበራል፤ «መምህርት» ማለቱን ትታ «ኡስታዛ» ትለኛለች።

«ኸላስ፣ ኡስታዛ። እኔ ወደ መንደር ይሄዳል። ቤቱን ለፍየል ይሰጡታል። ፍየል ጥሩ ነው፤ አይፈተንም።»

ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም።

ጋሽ ይማም ከለቅሶ ሲመለስ ነገርነው። አልተቆጣም። ሰንጠረዡን ከግድግዳው አውርዶ በጥንቃቄ ጠቀለለውና ለኔ ሰጠኝ። «ቆንጆ ነው፤ አትቅደጅው። ግን ይኼ ለኔና ላንች ነው። ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው ፕላኑን አንብቦ አይደለም በር የሚያገኘው» አለ። ከዚያ ወደ ሐዋ ዞረ። «አብሽሪ። ነገሩ ሳይሆን ቃሉን አትበይ፤ ሲሆን በይው። ይኸው ነው ዘዴው፤ ሌላ የለኝም።»

አቶ ደምሴ ዘንድ ሄዶ ምን እንዳለ አላውቅም። ሲመለስ ግን አንድ ዕድል ይዞ ነበር፣ ከነቅድመ ሁኔታው። ሐዋ እንደገና ታስተምራለች፤ የምታስተምረው ግን በገዛ መንደሯ ነው፣ አማርኛ ከገበያ ከለቀሟት ጥቂት ቃል በቀር ለማያውቁ ልጆች። «ሥራዋ እዚያ አይደል? እዚያው ትታይ» ብለዋል። ፈተናው የባሰ ከበደ።

በቀሩን ቀናት ጋሽ ይማም ሐዋን አላስጠናትም። ይልቅ እኔን ተማሪ አደረገኝ። «አንድ የበርታኛ ግስ አስተምሪያት፤ አማርኛ ሳትናገሪ» አላት። ሐዋ በሩን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ገፋችኝ፣ ጎተተችኝ፣ ሳቀችብኝ፤ ቃሉን የምትለው ነገሩ ሲሆን ብቻ ነው። ከብዙ መውደቅ በኋላ አንድ ጊዜ ሳላስበው ቃሉ ከአፌ ወጣ። እሱን ግስ እስካሁን ይዤዋለሁ። እዚህ አልጽፈውም፤ አጠራሬ ሐዋን ዛሬም ያስቃታልና።

በቀጠሮው ቀን በመሥሪያ ቤቱ ላንድክሩዘር ሄድን። መንደሩ ስንደርስ ትምህርት ቤቱ ላይ ሰው ፈልቷል። መንደሩ በሙሉ ለሥራ ወጥቷል፤ ክዳኑ በዚያ ቀን ሊያልቅ ነው። ወንዶቹ ከላይ ሆነው ሣር ያለብሳሉ፣ ሴቶቹ ነዶውን ያቀብላሉ፣ ዘፈኑ ይቀባበላል። አቶ ደምሴ ሰዓታቸውን አይተው፣ «ትምህርቱ የት ነው የሚሰጠው?» አሉ።

«እዚህ» አለች ሐዋ፣ የሣሩን ክምር እያሳየች።

ልጆቹን ሰበሰበች። እያንዳንዱ ነዶ ይዞ ወደ ግድግዳው ይሮጣል፣ ያቀብላል፣ ይመለሳል። ክምሩ ጎደለ። ሐዋ አንዱን ነዶ በእግሯ ይዛ፣ ሌሎቹ ሲሄዱ እያየች፣ «ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ፤ ይሄ ቀረ» አለች። ልጆቹ አዩዋት። «ቀረ» አሉ ጥቂቶቹ፣ ለመሞከር ያህል። አቶ ደምሴ ጎን የተቀመጠው ፈታኝ ብዕሩን አላነሣም። መድገም ነው፤ ያንን ከተማ ውስጥም ሰምቷል። ሐዋ ደጋግማ ሞከረች። ሁለት ነዶ ቀረ፤ አንድ ነዶ ቀረ። ልጆቹ ይደግማሉ እንጂ ከራሳቸው አንዲት ቃል አይወጣም። ጋሽ ይማም እጁን ኪሱ ከትቶ እንደ ልማዱ ይጠብቃል።

ሣሩ አለቀ። ሠራተኞቹ ለምሳ ተጠሩ። ከጣሪያው እየወረዱ፣ እየተሳሳቁ ወደ ማንጎው ጥላ ሄዱ። ወዲያው ከላይ ጩኸት ተሰማ። የሐዋ አጎት የክዳኑ ጫፍ ላይ ጉብ ብሎ ይጮኻል፤ መሰላሉ የለም! እጁን ያወናጭፋል፣ በበርታኛ ይሳደባል፣ ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ልጆቹ ቀና ብለው አዩ። የሄዱትን አዩ፤ ያልሄደውን አዩ። ከመሐላቸው አንዲት ፀጉሯ የተጎነጎነ ልጅ፣ ለእሷም አጎቷ ነው፣ ጣቷን ቀሥራ ጮኸች።

«አጎቴ ቀረ!»

«ቀረ! ቀረ!» አሉ ሌሎቹ፤ የዚህኛው ድምፅ ግን ሌላ ነበር። ማንም አላስባላቸውም። አንዱ «ቀረ፣ ኸላስ!» ብሎ መሬት ላይ ተንከባለለ።

አቶ ደምሴ ሮጠው ከግድግዳው ጀርባ የተኛውን መሰላል አገኙ፤ ራሳቸው አቁመው፣ በሁለት እጃቸው ያዙ። ክራባታቸው ትከሻቸው ላይ ዞሯል። አጎትየው እያጉረመረመ ወረደ። ሐዋ ወዲያው ዞር አለች፣ ወደ ጣሪያው እያሳየች።

«አሁን ማን ቀረ?»

ልጆቹ ጣሪያውን ፈተሹ። «ማንም አልቀረ!» አለች ያቺው ልጅ።

ብዕር የያዘው ፈታኝ፣ «‹አልቀረም› ነው የሚባለው» አለ።

«እሱን ነገ ይማራሉ፣ ጌታዬ» አለች ሐዋ።

ጋሽ ይማም ጠጋ አላት። በሹክሹክታ ነበር የጠየቃት፤ እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ። «መሰላሉን ማን አነሣው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ነገሩ ሳይሆን ቃሉን አትበይ አሉኝ። ጠበቅሁ። ነገሩ ዘገየ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ይማም ሲስቅ ሰምቼው አውቃለሁ፤ እንደዚያ ሲስቅ ግን አላየሁትም። ዕድሜውን ሁሉ ነገር እስኪሆን ሲጠብቅ የኖረ መምህር ነው። ነገሩን ሄዳ የምታመጣ ተማሪ ወጥታለት ነበር።

ፈታኞቹ ከማንጎው ሥር ተቀምጠው ተነጋገሩ። ረጅም ነበር፤ ብዕር የያዘው ሰው ስለ ሰንጠረዥ፣ ስለ ሥርዓት አነሣ። አጎትየው ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ሣር ከፀጉሩ እየለቀመ ይመለከታቸዋል። በመጨረሻ አቶ ደምሴ ተነሥተው ወደ ሐዋ መጡ። እጃቸው ላይ የመሰላሉ ስንጥር ነበረ፤ እሱን እየነቀሉ ጠየቋት።

«ትምህርት መቼ ትጀምሪያለሽ?»

ሐዋ ወደ ልጆቹ ዞረች። አጎትየውን ከበው እየጎተቱ ወደ ጣሪያው ይመልሱታል፤ እንደገና እንዲቀርላቸው ነው።

«ተጀምሯል እኮ» አለች።

ትምህርት ቤቱ በዚያው ዓመት ተከፈተ። ለመጽሐፉ የሰጠሁት ገጽ ላይ ሰንጠረዡ አለ፤ በመጨረሻው ጥግ፣ ለመምህሩ። ከፊት ያስቀመጥኩት ሌላ ነው፤ መምህሩ ልጆቹን ከክፍል ይዞ ወጥቶ የሚያሠራቸው፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው የሚቀርበት ጨዋታ።

እናንተም ሞክሩት። አንድ ግስ ምረጡ፤ ቀላል የሚመስላችሁን። «ያዘ» ይሁን፣ «ወጣ» ይሁን፣ «ተወ» ይሁን። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ምንም ሳትገዙ ዙሩ፤ ማንንም አትጠይቁ፣ ማንንም አታርሙ፤ ዝም ብላችሁ ስሙ። ከዚያ ቃሉን ለማያውቀው ሰው ሳትተረጉሙ ለማስያዝ ሞክሩ። ነገሩ ከዘገየባችሁ ደግሞ መሰላሉን እናንተው አንሡት፤ ታች ሆኖ የሚይዝላችሁ ሰው መኖሩን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።